የደጀ ሰላም ቁራሽና የቀበሌ መዝገብ

ከወረታ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ይፋግን ዛሬ በመኪና መስኮት አይቷት ያልፋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ይፋግ ከበጌምድር ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከሰሜን አሞሌ ጨው ጭኖ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ፣ ከጎጃም የሚሻገረው ባለ ቡናና ባለ ጥጥ፣ ከፎገራ ሜዳ እህልና ከብት የሚያወጣው ገበሬ፣ በአቅራቢያዋ ደሪጣ የከተመው ሙስሊም ነጋዴ እዚያ ይገናኙ ነበር። እህል የሚሰፈርበት ቦታ እህል ያጣ ሰውም የሚሰበሰብበት ነውና፣ ድሀን መርዳት የማን ሥራ ነው የሚለውን የቆየ ጥያቄ ከዚህ አገር ተነሥቶ መመርመር ያዋጣል። ክርስቲያኖች በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። አንደኛው ወገን ምጽዋት የነፍስ ሥራ ነው፤ መንግሥት በግብር አስገድዶ ወስዶ ለድሀ ሲያድል ሰጪውም አይጸድቅበት፣ ተቀባዩም አያመሰግንበት ይላል። ስኮትላንዳዊው ቄስ ቶማስ ቻልመርስ እ.ኤ.አ. ከ1819 እስከ 1823 በግላስጎው አጥቢያው የድሆች ግብር ሳያስፈልግ በምእመናን መዋጮ ብቻ ድሆችን ለመርዳት የሞከረው ይህንኑ ለማስረዳት ነበር። ሁለተኛው ወገን በበኩሉ ነቢያት ነገሥታትን የወቀሱት ቁራሽ ስላልሰጡ ሳይሆን ፍርድ ስላጣመሙ ነው፤ ስለዚህ የድሀ ነገር የመንግሥት ዕዳ ነው ይላል። የእኛ አገር ታሪክ ለሁለቱም እንዳሰቡት አይመቻቸውም። ምክንያቱም «ድሀ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ በደህናው ቀን ሁሉም በልቶ ሲያድር እሱ ብቻ የሚጎድለው ነው፤ መበለቷ፣ ዓይነ ስውሩ፣ ጧሪ ያጣው ሽማግሌ፣ መንገደኛው፣ ተማሪው። ሌላው በክፉ ቀን ከመንደሩ ጋር አብሮ የሚራበው ነው። ምጽዋታችን ለመጀመሪያው በሚገባ የተሠራ ነበር፤ ለሁለተኛው ግን ጭራሽ አልተሠራም።

ለመጀመሪያው እንዴት እንደተሠራ ለማየት የወር በዓል ቀን አንድ የገጠር ደብር ደጃፍ መቆም ይበቃል። ቅዳሴው ሳያልቅ ነዳያን ከአጥሩ በር ጀምሮ ግራና ቀኝ ተደርድረው ነጠላቸውን ጭናቸው ላይ ይዘረጋሉ። ዝክር ያለበት ሰው ዳቦውን አስባርኮ ይወጣና እየቆረሰ ያድላል፤ ንፍሮውን በእፍኝ እየዘገነ እዚያው ነጠላ ላይ ያፈሳል። ለሙት መታሰቢያ ከሆነ ተቀባዩ ስሙን ይሰማና «ነፍስ ይማር» ይላል፤ ሰጪውም «አሜን» ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በዚህች አጭር ልውውጥ ድሀው ባዶ እጁን አልመጣም። ባለጠጋው የማያገኘውን ጸሎት ይዞ ነው የመጣው፤ ስለዚህ የተቀበለው ሁሉ የማያልቅ ውለታ ሆኖ አይከብደውም። ሰንበቴው ደግሞ በተራ ነው፤ ባለ ተራው ጠላና ዳቦውን ይዞ ወደ ሰንበቴ ቤት ይገባል፣ የተረፈው ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ የተለየው ድርሻ ለየኔ ቢጤ ይወጣል። የጽዋ ማኅበሩ በየወሩ በባለ ማኅበሩ ቤት ይደገሳል። የአርባ ቀን ተዝካር ሲሆን ድግሱ ከካህናትና ከዘመድ አልፎ ለደብሩ ነዳያን ሁሉ ይደርሳል። ይህን ሁሉ አንድ ላይ የደመረ ሰው፣ አንድ አቅመ ቢስ በአንድ አጥቢያ ውስጥ በወር ውስጥ ስንት ጊዜ አፉ እህል እንደሚቀምስ መገመት አያቅተውም። የበዓሉ አቆጣጠር ራሱ የእርዳታ አቆጣጠር ነበር ቢባል ያስኬዳል። ጉድለት ነበረበት፤ ተዝካር ብዙ ቤተሰብ ከነበሬው ዕዳ ውስጥ ከቷል፣ የሟችን ነፍስ ለማስማር ተብሎ የቋሚውን ልጅ ድሀ ያደረገ ድግስ ጥቂት አይደለም። ቢሆንም ሥርዓቱ የቆመው ለደህናው ቀን ድሀ መሆኑን አያስክድም።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ይህ ሥርዓት የተሸከመው ትምህርት ቤት ነው። ደቡብ ጎንደር የአብነት ትምህርት ምድር ናት። የድጓ ምስክር ቤተ ልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ዙር አምባ የሚገኙት በዚሁ አገር ነው። ወደነዚህ ጉባኤዎች ከየክፍለ ሀገሩ የሚጎርፈው ተማሪ ደሞዝ የለው፣ ቀለብ የለው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ በዱላ እየተከላከለ በየደጃፉ በማርያም ስም ይለምናል፤ ባላገሩም ከሌማቱ ቆርሶ ይሰጠዋል። ዜማውን፣ ቅኔውን፣ መጻሕፍት ትርጓሜውን በጽሑፍና በቃል እዚህ ዘመን ያደረሰው የአንድም ንጉሥ በጀት አይደለም፤ የማይታወቁ የባላገር ሴቶች ቁራሽ ነው። መንግሥት ያልነካው የግል ልግስና ትልቅ ነገር መሥራት አይችልም የሚል ሰው ለዚህ መልስ ሊሰጥ ይገባዋል። እኔ በበኩሌ መልስ አላገኘሁለትም። ሆኖም እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ተማሪው የሚለምነው በልቶ ካደረው ቤት ነው። አንድ መንደር ሠላሳ ተማሪ የሚችለው ሠላሳው ብቻ ሲጎድላቸው እንጂ መንደሩ ሁሉ ሲጎድለው አይደለም።

የምጽዋት ሥርዓት የቆመበትን መሬት ስናይ ደግሞ «የግል» የሚለው ቃል ራሱ መላላት ይጀምራል። ፍትሐ ነገሥት ከ51 አንቀጾቹ 22ቱን ለመንፈሳዊው፣ 29ኙን ለሥጋዊው ፍርድ ሰጥቷል። ምጽዋት ራሱን የቻለ አንቀጽ ሆኖ ከጾምና ከጸሎት ጋር በመጀመሪያው ክፍል ተቀምጧል፤ ስለ ነገሥታት የሚናገረው 44ኛው አንቀጽ ግን በሁለተኛው ክፍል ነው። በዚህ ብቻ የፈረደ ሰው፣ አባቶቻችን ድሀን ለቤተ ክርስቲያን፣ ሰይፍን ለመንግሥት ከፍለው ሰጥተዋል ሊል ይችላል። በሥራው ዓለም ግን ካህኑም ሆነ ደብሩ የሚበላው ንጉሡ ወይም እቴጌይቱ ከሰጡት ጉልትና ሪም ነበር። የጎንደር ነገሥታት አድባራትን ሲተክሉ የገበሬውን ግብር ቆርጠው ነው የሰጡት፤ ገበሬው ለቤተ መንግሥት ያስገባው የነበረውን ለደብር ያስገባል ማለት ነው። ያ ግብር በፈቃድ የተሰጠ አልነበረም። ስለዚህ በደብሩ ደጃፍ ከሚታደለው ቁራሽ አንዱ እጅ በልግስና የወጣ ሲሆን፣ ሌላው እጅ በንጉሥ ትእዛዝ ከገበሬ የተወሰደ ነው። በግብር የተገኘ እርዳታ ጽድቅ የለውም የሚለው ሰው ይህን የኋለኛውን ምን ሊያደርገው ነው?

ዐፄ ቴዎድሮስ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተጣሉት በዚሁ መሬት ነው። በ1848 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ላይ የተነሣው ክርክር፣ በደብተራ ዘነብ ዜና መዋዕል እንደተጻፈው፣ መሬቱ እየተከፋፈለ በካህናት እጅ ከገባ ንጉሡ ወታደራቸውን ምን ያበሉታል የሚል ነበር። በ1852 ዓ.ም. አካባቢ ነገሩ ተቆረጠ፤ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን የሚበቃ መሬት ቀርቶ የቀረው ግብር ለሚከፍል ገበሬ እንዲሰጥ ታዘዘ። ደብረ ታቦርንና ጋፋትን የሥራቸው መዲና ያደረጉት ንጉሥ የካህናቱን ጥላቻ ያተረፉት ከዚህ በኋላ ነው። እዚህ ላይ የሚታዘብ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። ካህናቱ ስለ ካህናት ቀለብ፣ ንጉሡ ስለ ወታደር ቀለብ ነው የተሟገቱት። መሬቱ የድሀም ነው ብሎ የቆመ ጠበቃ አልነበረም፤ ድሀው ከሁለቱ ገበታ የሚወድቀውን ፍርፋሪ ጠባቂ ነበር። ከቴዎድሮስ በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ዳግማዊ ምኒልክ ወታደር በገበሬ ቤት እየተመራ የሚያደርሰውን በደል ለማስቀረት በ1880ዎቹ ዓ.ም. አሥራት የሚባል የእህል ግብር አወጡ። በሌላው የክርስቲያን ዓለም አሥራት የቤተ ክርስቲያንና የድሀ ድርሻ ሆኖ ሲቆይ በእኛ አገር የሠራዊት ስንቅ ሆነ፤ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር እስኪተካና ጎጃም እስኪሸፍት ድረስም ወደ መንግሥት ጎተራ ሲገባ ኖረ።

ይህ ሁሉ ሥርዓት እንዴት እንደሚፈተን ያሳየው ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ የሚጠራው የ1880ዎቹ ረሀብ ነው። በ1880 ዓ.ም. ከምጽዋ ወደብ የተነሣው የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ጨረሰው። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ድርቡሽ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ በማግሥቱ ዓመት ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። በሬ የሌለው ገበሬ ዝናብ ቢዘንብለትም አያርስ፤ ያልታረሰ መሬት ለጉልተኛውም ለደብሩም አይከፍል። በጌምድር በአንድ ጊዜ የጦርና የረሀብ አገር ሆነች። የምጽዋቱ ሰንሰለት ከላይ እስከ ታች የተቆረጠው ሰዎች ስለከፉ አይደለም። ሰንበቴ የሚያወጣው ባለ ተራ ራሱ ነዳይ ሆኗል፤ ጉልቱ ባዶ ነው፤ ተማሪው የሚለምንበት ደጃፍ ባለቤቱ ተሰዷል። ጎረቤት ለጎረቤት የሚሰጠው አንዱ ሲያገኝ አንዱ ሲያጣ ነው። ሁሉም በአንድ ዓመት፣ በአንድ ምክንያት ሲያጣ የሚያስፈልገው ከሌላ አገር የሚመጣ እህል፣ እህሉን የሚያጓጉዝ መንገድ፣ ጉዞውን የሚጠብቅ ሥርዓት ነው። ይህ ደግሞ የመንግሥት ሥራ ነው። ምኒልክ በዚያ ዘመን ጎተራቸውን ከፍተው ማብላታቸውና ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር መኳንንቱ እንዲከተሏቸው ማድረጋቸው ይነገራል፤ ለንጉሥ የሚያስመሰግን ነው። ግን ጎተራው ሸዋ፣ ረሀቡ ደግሞ አገር ሁሉ ነበረ። እዚያው ክፉ ቀን ሳይወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1891፣ የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ ስለ ሠራተኞች ባወጡት መልእክት መንግሥት ድሀውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት ብለው ለአውሮፓ ካቶሊኮች ሲያስተምሩ፣ የበጌምድር ገበሬ ያንኑ ትምህርት ያለ መምህር በሆዱ እየተማረ ነበር።

እዚህ ላይ ከባድ መቃወሚያ ይነሣል። ቤተ ክርስቲያን ድሀን መመገብ ያቃታት መሬቷን ስለነጠቋት ነው፤ ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ባወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት በሙሉ ሲወርስ የድሀውንም ጓዳ አብሮ ወርሷል ይባላል። መቃወሚያው ግማሽ እውነት አለው። አዋጁ ደብሩን ከገበሬው ጋር ያያያዘውን የቆየ ውል ቆርጦ ካህኑንም አራሽ ወይም የምእመን ጥገኛ አድርጎታል፤ በደህናው ቀን ድሀ ላይ የደረሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። ክፉ ቀን የመጣው ግን መሬቱ በቤተ ክርስቲያን እጅ ሳለ ነው። የ1966ቱ የወሎ ረሀብም አዋጁ ከመታወጁ በፊት ነበር። በዚያ ላይ የጉልቱ ጓዳ ለሁሉ እኩል የተከፈተ አልነበረም። የደሪጣው ሙስሊምና በየመንደሩ ሸክላ የሚሠራው፣ ብረት የሚቀጠቅጠው ቤተ እስራኤላዊ ርስት አልነበራቸውም። ሲርባቸው ዞረው የሚገቡት ወደየራሳቸው ወገን እንጂ በማኅበሩና በሰንበቴው አልተቆጠሩም። አንድ ክርስቲያን ከጎረቤቱ ሙስሊም ጋር ማዕድ ተካፍሎ ኖሯል፤ ያ ግን የሰዎቹ ደግነት እንጂ የሥርዓቱ አልነበረም። መንግሥት በዜግነት ሲቆጥር ቢያንስ በሐሳብ ደረጃ ይህን አጥር ያፈርሳል።

በሐሳብ ደረጃ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የ1977ቱ ረሀብ ለመንግሥት እርዳታ ደጋፊዎች ከክፉ ቀን የማይተናነስ ፈተና ነው። በዚያ ዓመት ከይፋግ በስተምሥራቅ ባለው አገር፣ እብናት ላይ፣ ትልቅ የረሀብተኞች መጠለያ ነበረ። ሚያዝያ ላይ ወታደሮች ገብተው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ረሀብተኛ ወደ መጣህበት ተመለስ ብለው አስወጡ፤ ጎጆዎቹን አቃጠሉ። አብዛኛው በእግሩ ነው የሄደው፤ ከነልጁ፣ ከነሕመሙ። ነገሩ በውጭ ሲሰማ የአዲስ አበባው መንግሥት የአካባቢ ሹማምንት ስሕተት ነው አለ። የስሕተቱ ባለቤት ማንም ይሁን፣ እህል ሰፍሮ መስጠት የሚችል እጅ ችቦ መለኮስም እንደሚችል እብናት አሳይቷል። በዚያው ጊዜ ከሰሜን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የተካሄደው ሰፈራ ወደ 600 ሺህ ሰው አንቀሳቅሷል፤ በፈቃዱ የሄደም አለ፣ ስንዴ ይሰጥሃል ተብሎ ተጠርቶ ተጭኖ የሄደም አለ። ደጀ ሰላም ነዳይን አጥግቦ አያውቅ ይሆናል፤ ነዳይን በመኪና ጭኖ ግን አልወሰደም። የግል ምጽዋት ተሟጋች ይህን ቢያነሣ እውነቱን ነው፤ መልሱ የመንግሥት እርዳታ ይቅር ሊሆን አይችልም እንጂ።

ለምን አይችልም ቢባል፣ በዚያ ዓመት ረሀብተኛውን ያበላው «የቤተ ክርስቲያን እርዳታ» ራሱ ምን እንደነበረ ማየት ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን በ1964 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ በ1966ቱ ረሀብ ጊዜ ደግሞ የልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናት የእርዳታ ድርጅቶች በአንድ ማኅበር ተሰባስበው ነበር። በ1977 ዓ.ም. የካቶሊክ ተራድኦ ድርጅት በሰፊው ያከፋፈለው እህል አብዛኛው የአሜሪካ መንግሥት የሰጠው ነው። ከረጢቱ ላይ የቤተ ክርስቲያን እጅ ቢያርፍበትም ውስጡ ያለው ስንዴ በአሜሪካ ግብር ከፋይ ገንዘብ የተገዛ ነበር። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በዋና ጸሐፊዋ በጉዲና ቱምሳ ዘመን፣ በ1964 ዓ.ም.፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የጻፈችው ደብዳቤ ይህን ቀድሞ አይቶታል። የምዕራብ ለጋሾች ለልማት የሚሆን ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ለወንጌል ግን ይሰስታሉ፤ ሰውን በሥጋና በነፍስ ከፍሎ መርዳት የሰውን ሙሉነት መካድ ነው ስትል ተሟግታለች። እንግዲህ ሁለቱ ከረጢቶች፣ የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት፣ ተለያይተው አያውቁም። ደብረ ታቦር ላይ የአድቬንቲስት ሚስዮን የጀመረው ሆስፒታል ዛሬ የመንግሥት ነው፤ ታማሚው ግን ያው የጋይንትና የፋርጣ ገበሬ ነው።

እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ መንግሥት በእኛ አገር ድሀን የሚያየው በክፉ ቀን ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት አዲስነቱ እዚህ ላይ ነው። እብናት፣ ስማዳ፣ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ይፋግ ያለችበት ሊቦ ከምከም፣ ዝናብ ቢጥልም ባይጥልም በየዓመቱ የሚጎድለው ቤተሰብ ያለባቸው ወረዳዎች ተብለው ገቡበት። ሥራ የሚችለው ለእያንዳንዱ የቤተሰቡ አባል በወር 5 ቀን እርከን ይሠራል፣ ጋቢዮን ይሞላል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ በመጀመሪያው ዓመት የቀኑ ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር፣ ለዓመቱ 6 ወር። ሽማግሌው፣ በሽተኛው፣ ነፍሰ ጡሯ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። እነዚህ የኋለኞቹ እነማን ናቸው? ደጀ ሰላም ላይ ነጠላ የሚዘረጉት ናቸው። መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ ከክፉ ቀን ወጥቶ በደህናው ቀን ድሀ መንደር፣ በምጽዋቱ አገር ገባ ማለት ነው። የክርስቲያኖች ክርክር ያን ጊዜ ቢነሣ በቦታው ነበር፤ በአገራችን ግን እምብዛም አልተነሣም። የተነሣው ክርክር ስለ ጥገኝነት ነው፤ ሰው ስንዴ ጠባቂ ሆነ፣ ሥራ ጠላ የሚል። ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ስለ ሥራና ስለ እንጀራ የጻፈውን የሚጠቅሱ ሰዎች እርከኑን ሄደው ቢያዩት መልካም ነበር። በወር 30 ብር ለማግኘት ድንጋይ ተሸክሞ ተራራ የወጣን ሰው ሰነፍ ማለት የሚችል፣ ድንጋዩን ያልተሸከመ ብቻ ነው።

ሌላው መቃወሚያ ይበልጥ የሚያሳስብ ነው። መንግሥት ከሰጠ ጎረቤት እጁን ይሰበስባል፤ ግብሬን ከፍያለሁ ብሎ በነዳይ ፊት ያልፋል ይላል። ይህ በከተማ ያለ ነገር ነው፤ አልክድም። በገጠሩ ግን ሰንበቴውና ማኅበሩ የተጎዱት ከሴፍቲኔቱ አስቀድሞ ነው፤ የመሬት ጥበትና የእህል ዋጋ መናር ናቸው የባለ ተራውን ሌማት ያሳነሱት። ይልቅ የሚታየው ነገር ሁለቱ ሥራ መከፋፈላቸው ነው። ሥራ ለሚሠራው ተረጂ ስድስቱ ወር የቀበሌ ነው፤ የቀሩት ስድስት ወራት የማን እንደሆኑ መመሪያው አይናገርም። እነሱን ዛሬም የሚሸፍነው ዘመድ፣ ሰንበቴና በዓል ነው። ግብር በግድ የሚሰበሰብ ስለሆነ እርዳታነቱ የክርስቲያን አይደለም ለሚለው ደግሞ ኦሪት ራሷ ትመልስለታለች። ባለ እርሻ ሲያጭድ የማሳውን ዳር እንዳይነካ፣ ቃርሚያውን ለድሀና ለመጻተኛ እንዲተው የታዘዘው በምክር አልነበረም፤ በሕግ ነው። ሩት ከቦዔዝ ማሳ የቃረመችው በመብቷ ነው፤ የቦዔዝ ቸርነት የጀመረው ከሕጉ በላይ ነዶ እንዲጣልላት ባዘዘ ጊዜ ነው። ሕጉ ቸርነቱን አላጠፋበትም፤ መነሻ ሆነለት።

ከሁሉም የሚያከራክረው መዝገቡ ነው። በቀበሌ ስብሰባ ድሀ ተብሎ በስም መጠራት ከደጀ ሰላም መቀመጥ ይለያል፤ እዚያ ሁሉም «ስለ ማርያም» ባይ ነው፣ እዚህ ስሙ ተጽፎ ይነበባል። በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ4 ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከይፋግ ጎን ያለችው ፎገራ አንዷ ነበረች፤ መዋጮ መክፈል ለማይችሉት የድሀ ድሆች ክልሉና ወረዳው እንዲከፍሉላቸው ሲወሰን፣ ያንን ሰው የሚለየው ያው የመንደሩ ሰው ሆነ። መዝገብ የመንግሥት ፈጠራ ነው፣ ለክርስቲያን ፍቅር ባዕድ ነው የሚል ካለ ግን ታሪኩን አላየም። ዮሐንስ አፈወርቅ የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን በየቀኑ የምትረዳቸውን መበለቶችና ደናግል ሲቆጥር ስማቸው በመዝገብ የሰፈረ 3,000 ሰዎች እንደሆኑ ተናግሯል። አድልዎም ከመዝገብ ጋር አብሮ የኖረ ነው። በመዝገቡ የዘመዱን ስም የሚያስቀድም ሹም ዛሬ አለ። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል ወደ ሌላ እጅ እየገባ ነው ብለው በመላ አገሪቱ እርዳታ ሲያቆሙ፣ የተራበው ሰው ያልሠራውን ወንጀል ቅጣት ተቀብሎ ወራት ጠበቀ።

ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ከመንግሥት ጋር በእህል መፎካከር አይመስለኝም፤ አትችለውም፣ ክፉ ቀን አሳይቷታል። ለሴፍቲኔቱ በየቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖር መመሪያው ያዛል። ደጀ ሰላም ላይ ቅሬታ የሚሰማ የለም፤ ያልደረሰው ነዳይ ዝም ብሎ ይነሣል። በቀበሌው ኮሚቴ ፊት ግን «ስሜ ለምን ተሰረዘ» ብሎ መጠየቅ ቢያንስ በወረቀት ይፈቀዳል፤ ጠያቂዋ ማንበብ የማትችል መበለት ስትሆንና ኮሚቴው ውስጥ የተቀመጠው ስሟን የሰረዘው ሰው ዘመድ ሲሆን ግን ወረቀቱ ብቻዋን ይተዋታል። ይህ ጉዳይ ለክርስቲያኖች እንግዳ ሊሆን አይገባም። በሐዋርያት ሥራ 6ኛ ምዕራፍ የተጻፈው የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን ክርክር የእምነት አልነበረም። የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ መበለቶች ከዕለቱ እደላ ተዘለሉ የሚል የተረጂዎች ቅሬታ ነበር። ሐዋርያት አጉረምራሚ ብለው አልገሠጿቸውም፤ ለዚህ ሥራ እስጢፋኖስና ስድስቱ ጓደኞቹ እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው፤ እደላው የተሰጠው ቅሬታውን ላነሣው ወገን ሳይሆን አይቀርም። በሊቦ ከምከምና በእብናት ቀበሌዎች ኮሚቴው ሲመረጥ ከደብሩ የሚላክ ሰው ካለ፣ የሚላከው ከተዘለሉት ወገን ቢሆን ለዚያ አሠራር ይቀርባል።